ያልተጣሉት ሁለት ዓሦች

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ የሳይንስ ክበብ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ርዕሰ መምህሩ ደውለው «ስለ ዓሣ ንግግር ታደርግልናለህ» ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እዚህ ከተቀመጡት ወንዶች ልጆች የግማሹን ጭንቅላት አውቀዋለሁ። የአንዳንዶቻችሁ ጆሮ እስከ ዛሬ መትረፉም የእኔ ትዕግሥት ነው። ግን ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጎን፣ የዓሣ ገንዳ አለ። ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ እሱ ላይ ያፈጣል። ጥያቄውም አይለወጥም። መጀመሪያ «ይበላል?» ነው። ቀጥሎ «ሁለት ዓይነት ዓሣ አብሮ ይኖራል?» ይመጣል። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ዓሣ ያማረው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይውረድ። የሁለተኛውን መልስ ግን ያገኘሁት አንድ ዓሣ ቀብሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዳውን የገዛሁ ሰሞን አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ዓሣ ይዤ መጣሁ። አንዱ ብርቱካንማ ጎልድፊሽ ነው። ሌላው ቤታ፤ ሰማያዊ፣ ክንፉ እንደ ሐር ነጠላ የሚወዛወዝ። ሻጩን «አይጣሉም?» አልኩት። «ኧረ ወንድሜ፣ ይላመዳሉ!» አለኝ። ላስቲኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስከ ሀዋሳ መጣሁ። ባለ 40 ሊትር ገንዳዬን በዚያው ቀን ከቧንቧ ሞልቼ ከተትኳቸው።

ቤታን «ተዋጊ ዓሣ» ይሉታል። ታይላንድ ውስጥ ለውርርድ ሲያዋጉት ኖረዋል። ደንበኞቼ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠጉ። ቡና የተወራረደም ነበር። ጠብ የለም! ቤታ በይበልጥ የሚጣላው ከራሱ ዘር ወንድ ጋር ነው፤ ወይም ቀለሙና ረጅም ክንፉ ተቀናቃኝ ከሚያስመስለው ዓሣ ጋር። ጎልድፊሹን ዞር ብሎም አላየው። ቡና ያስያዘው ሰውዬ ከሰረ። እኔ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ ብዬ አረፍኩ።

በአራተኛው ቀን የቤታው ክንፍ ጫፍ ጫፉ ተበጣጥሷል። የነከሰው «ሰላማዊው» ነው። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። የዋጠው በቀጥታ ወደ አንጀት ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም ይውላል። ፊቱ የሚወዛወዝ ነገር ካየ ይቀምሰዋል። ቂም የለበትም፤ ልማዱ ነው።

ክንፍ ግን ያድጋል። ቤታውን የገደለው ሌላ ነገር ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የዚያን ሰሞን የሀዋሳን ሌሊት ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን በማለዳ የውሃ ቴርሞሜትር ብከት 19 ዲግሪ አለኝ። ቤታ ዘሩ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ረግረግና የሩዝ ማሳ ነው። የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ጎልድፊሽን ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ከካርፕ ዘር ያራቡት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ከ18 እስከ 22 ሲሆን ደስ ይለዋል። ለአንዱ ማሞቂያ ብከት ሌላውን ልቀቅለው ነው። መሐል ላይ ልያዘው ብል ሁለቱንም አስቀየምኩ።

አየሩም እንደዚያው። ሁሉም ዓሣ በስንጥቡ ይተነፍሳል። ቤታ ግን ከዚያ በላይ ሌላ አካል አለው፤ ወደ ላይ ብቅ እያለ እንደኛ አየር ይስባል። ጎልድፊሽ ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን በደንብ ይፈልጋል። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ያንሳል። ስለዚህ ለጎልድፊሹ ብዬ ፓምፑን ከፍ አደረግኩ። ማዕበል ሆነ! ቤታው ያን ሁሉ ክንፍ ተሸክሞ ሲገፋተር ይውላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በተራው ቤታው ያርፋል፣ ጎልድፊሹ ያጣጥራል። ምግባቸውም ቢሆን አይገናኝም። ቤታ ፍስክ በሊታ ነው፤ የትንኝ እጭ ስጡት። ጎልድፊሽ ጾም ፍስክ አይልም፤ የተቀቀለ አተር ልጣችሁ ብትሰጡትም ይበላል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ ቤታው ገንዳው ወለል ላይ ተጋድሟል። ጎልድፊሹም አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል። ለእሱስ ምን ጎደለበት? ብርዱ ይመቸዋል፣ ፓምፑ የተከፈተው ለእሱ ነው።

ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ፤ ጥፋቱ የሙያዬ ነው። ፀጉር ቤት ንጽህና ነው። ማሽን በአልኮል ይጠረጋል፣ ፎጣ በበረኪና ይታጠባል። እኔም በሦስት በሦስት ቀን የገንዳውን ውሃ እንዳለ ደፍቼ ከቧንቧ እሞላ ነበር። የማጣሪያውን ስፖንጅ ነጭ እስኪሆን በሳሙና አጥበው ነበር። ደንበኛ ሲያይ «ጎበዝ!» ይለኛል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይሄኛው ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ያ ቡናማና ዝልግልግ ስፖንጅ ላይ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ በየሦስት ቀኑ በሳሙና እጨርሳቸዋለሁ። በዚያ ላይ ከቧንቧው ክሎሪን እጨምራለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ስፕሬይ እነፋለሁ፤ የአየር ፓምፑ ከክፍሉ የሳበውን ሁሉ ወደ ውሃው ይከታል። አሁን ስፕሬይ የምነፋው በር ላይ ወጥቼ ነው፤ ያልገባው መንገደኛ ቆሞ ያየኛል።

ጎልድፊሹ ተረፈ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ትልቅ በርሜል ላለው ጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ጎልድፊሽ ለ40 ሊትር አልተፈጠረም። ባዶውን ገንዳ ይዤ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። በየቀኑ ቁንጣሪ የዓሣ ምግብ እበትንበታለሁ። ደንበኞቼ «ላልመጣ እንግዳ ነው የምታበላው?» እያሉ ሳቁብኝ። እውነትም ለባክቴሪያ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ገባ፤ ጋፒና ፕላቲ። ጠባያቸውን ሳይሆን ውሃቸውን አይቼ ነው የመረጥኳቸው። ሁለቱም 24 ዲግሪ አካባቢ ይስማማቸዋል። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ የሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ። አነስ ያለች ማሞቂያ አለች፤ ፓምፑም ዝግ ያለ ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ብቻ እቀይራለሁ፤ እሱንም ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳን በሌለው ባልዲ አሳድሬ። ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውሃ ነው፤ ያውም ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሁለቱም እንቁላል አይጥሉም፤ ልጅ ይወልዳሉ። በየወሩ! ዛሬ ፀጉሩን የተቆረጠ ሁሉ ዓሣ በምርቃት ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

«ሐይቁ ውስጥ ሁሉም አብሮ ይኖር የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይኖራል። ግን ሐይቃችን ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ቆሮሶ ከአምባዛ የሚሸሽበት አለው። ያም ሆኖ አምባዛ ቆሮሶን ይበላል። 40 ሊትር ውስጥ ወዴት ይሸሻል?

ሐይቁን ካነሳን፣ ወላጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ዓሣ ሲበዛባችሁ ወይ ሲሰለቻችሁ «ነፃ ላውጣው» ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የበርንስቪል ከተማ ነዋሪዎቹን ጎልድፊሽ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ ብሎ ለመነ። የተለቀቁት ሞላላውን የአሜሪካ እግር ኳስ አክለው፣ ጭቃ እየማሱ ውሃውን አደፍርሰውት ነበር። የእኛ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ የገባበት ይቀመጥበታል። የበዛባችሁን ለእኔ አምጡ። ተቆርጦ ለሚሄድ ሰው አስይዘዋለሁ።

የሳይንስ ክበቡ ገንዳ እንደተገዛ ሰምቻለሁ። ዓሣ ይዞልን ይመጣል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ይዤ የመጣሁት ይህ ማሰሮ ውስጥ ያለውን ነው፤ ከገንዳዬ የወጣ አሮጌ ስፖንጅ፣ ከነውሃው። አዎ፣ ይሸታል። ዛሬውኑ ማጣሪያችሁ ውስጥ ክተቱት፣ ቁንጣሪ ምግብም በየቀኑ ጣሉ። ጋፒዎቹን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እባካችሁ፣ ማንም አይጠበው።