መብራት ሲሄድ ደረሰኙ የት ይገባል?

ዛሬ የደወሉት ሦስቱም አድማጮች ከወሎ ናቸው። የሁሉም ስሞታ አንድ ነው፦ ሰርቨሩ ላይ (ፋይሎቻቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ኮምፒውተር ላይ) መጻፍ ያዘግማል።

ከደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለው አድማጭ፦ «የሠርግ ቪዲዮ ወደ ሰርቨር ስንገለብጥ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ዕቃውን ሁሉ ጊጋቢት ነው ተብለን ነው የገዛነው። ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ልቀይረው?»

ቆይ ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። 11 የምትለዋ ቁጥር ራሷ ታሳብቃለች። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ኔትወርኩ ለራሱ የሚወስደው ሲቀነስ 11 ገደማ ይቀራል። ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋቢት፣ ቢሆን 110 አካባቢ ታይ ነበር። ጊጋቢት የኬብሉን 8 ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ ለ100 ግን 4ቱ ይበቁታል። አንዷ ሽቦ ጃኩ ውስጥ በደንብ ካልገባች፣ መስመሩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። መጀመሪያ ኬብል ቀይረህ ሞክር። እኔም አንዴ ግማሽ ቀን ዲስክ ስረግም ውዬ፣ ጥፋቱ በር ሲዘጋ የሚጨፈልቀው ኬብል ሆኖ አረፈው።

ከኮምቦልቻ የደወለች የሂሳብ ሠራተኛ፦ «ፕሮግራማችን በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ በሚያጋራው ዘዴ) ሰርቨር ላይ ነው የሚጽፈው። ትልቅ ፋይል ይሮጣል፣ ደረሰኝ ሲመዘገብ ግን ይንቀራፈፋል። ጓደኛዬ ‹ሲንክ› የሚለውን ወደ ‹ኤሲንክ› ቀይሪው አለኝ።»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ይፈጥናል ማለቱ ልክ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በሲንክ ሰርቨሩ ዳታው ዲስክ ላይ ሳያርፍ «ደርሶኛል» አይልም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እያንዳንዷ ደረሰኝ ያንን ትጠብቃለች። በኤሲንክ ግን ሚሞሪ ላይ እንደያዘው «ደርሶኛል» ይላል። ጆንያው ደጅ ላይ እንዳለ «ገቢ ሆኗል» ብሎ እንደሚፈርም መጋዘን ያዥ ማለት ነው። ዝናቡ ከመጣ ወረቀቱ ይኖራል፣ እህሉ የለም። መብራት በሄደባት ቅጽበት የእናንተም ደረሰኝ እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ ተመዝግቧል ብሎ አምኗል፣ ዲስኩ ላይ ግን ምንም የለም።

ሲንኩን አትንኪው። ሰርቨራችሁ ፋይል የሚያስቀምጠው ዜድኤፍኤስ በሚባለው ሥርዓት ከሆነ፣ ለመዝገብ ብቻ የሚሆን፣ የመጣለትን ቶሎ የሚያሳርፍበት አነስተኛ ኤስኤስዲ ጨምሩለት። ጥቂት ጊጋባይት ይበቃዋል። ግን መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው ይሁን፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ፣ ሰርቨሩ ራሱ ተበላሽቶ ቀጥ ሲል ግን እሱ አያድናችሁም። ፕሮግራመሩንም ደረሰኞችን አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅል እንዲያስገባ ጠይቂው። አንዳንዴ ይኼ ብቻ ይበቃል።

ከወልዲያ፦ «4 ዲስክ በሬይድ 5 (ብዙ ዲስክ እንደ አንድ በሚሠራበት አደረጃጀት) አለኝ። ዳታቤዙ ለምን ይጎተታል?»

ሬይድ 5 ትንሽ ነገር ለመጻፍ 4 ሥራ አለበት፦ አሮጌውን ዳታና ፓሪቲ (አንድ ዲስክ ሲበላሽ ዳታው የሚመለስበትን ስሌት) ያነባል፣ ከዚያ አዲሶቹን ይጽፋል። ሬይድ 10 ያንኑ ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ ጽፎ ይገላገላል፤ የምታገኘው ቦታ ግን ከ3 ዲስክ ወደ 2 ይወርዳል። ለዳታቤዝ እኔ 10ን እመርጣለሁ። ስትቀይረው ዲስኮቹ ባዶ ይሆናሉና፣ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ከፍተህ ሳታይ እንዳትጀምር።