«አንተ አንዴ ውጣልኝ»

እሺ፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ ስለ እማዬ ነው የማወራው። ፈቅዳልኛለች። «አንድ ሰው እንኳ ከጠቀመ አውራው» ብላለች።

ያቺ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ዶክተሯ የደም ግፊቷን ለካች። አሁንም ከፍ ብሏል። «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ እማማ?» አለቻት። እማዬ ዝም። ያቺን የምታውቋትን የመድኃኒት ፌስታል ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ከዚያ ዞር ብላ «አንተ አንዴ ውጣልኝ» አለችኝ።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያላሰብኩት በሽታ የለም። እማዬ እኮ እኔን ውጣ ብላ አታውቅም።

ለካ ነገሩ ሽንት ነው። መልሰው ሲጠሩኝ ዶክተሯ እሷን አስፈቅዳ ነገረችኝ። እማዬ የምትወስደው የግፊት ኪኒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ከተዋጠ 2 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጀምርና እየበረታ ይሄዳል። እማዬ ጠዋት ኪኒኑን ትውጥና ለቅሶ ትሄዳለች። ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው መሃል ተቀምጣ፣ ሽንቷ ይመጣል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው። ጉልበቷም ቶሎ አያስነሳትም። አንድ ቀን አመለጣት። ከዚያ በኋላ ከቤት የምትወጣ ቀን ኪኒኑን ትተወዋለች። የማትወጣበት ቀን ደግሞ ስንት ነው?

ሌሎች የግፊት መድኃኒቶችም አሉ። ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሲያስሉ ሽንት ጠብ ይላል። ዶክሳዞሲን ደግሞ የሽንት ፊኛውን መውጫ ያላላል። የፕሮስቴት እጢው ላበጠ ወንድ እፎይታ ነው፣ ሴት ላይ ግን ማምለጥ ሊያመጣ ይችላል። ይሄን ስሰማ ተናደድኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት «ሽንትሽን መቋጠር ትቸገሪያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። አንድ ጥያቄ እኮ ነው!

ዶክተሯ አልተቆጣቻትም። «በራስዎ አያቋርጡ፣ ለእኔ ይንገሩኝ። የሚወስዱበትን ሰዓትም መድኃኒቱንም መቀየር ይቻላል» አለቻት። ቀየረችላት።

ግን... «ውጣልኝ»። እህቴ ብትሆን ኖሮ ታስወጣት ነበር? ምናልባት አዎ። ምናልባት ወንድ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ወይ ደግሞ እናት ሁሉ ለልጇ የማታሳየው ነገር አላት፣ መብቷም ነው። እንዲህ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ግፊቷን አስባለሁ። አሁን በየጊዜው «ዋጥሽ ወይ?» ብላት መልሼ ማሳፈር ይሆንብኛል። ዝም ብል ደግሞ... እኔንጃ። ትናንት ልጠይቃት ስል እሷ ቀድማ ስለ እድሩ ስብሰባ ጀመረች፣ እኔም...