ቀለም የሌለው ሥራ

ሰላም፣ እኔ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለም። የውሃ ቆጣሪው ጉዳይ ምን ደረሰ ለምትሉኝ፣ እንዳለ ነው፤ የሥራ ዝርዝሬ ላይ ጡረታ ሊወጣ ነው።

ስለ ዝርዝሩ ልንገራችሁ። ቶዱዊስት የሚባል የሥራ ዝርዝር መያዣ ፕሮግራም እንደምጠቀም ታውቃላችሁ፤ በእሱ ስንቴ አሰልችቻችኋለሁ። አራት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት። 1 ቀይ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ሰማያዊ። 4 ቀለም የለውም። ደረጃ ሳትሰጡ የጻፋችሁት ሁሉ 4 ይሆናል። ይህችን ያዙልኝ።

ቅዳሜ አራት ኪሎ ከአባቴ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ አባቴ ስልኩን ከፊቱ አርቆ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ያነባል። የመነጽሩ የግራ መስታወት ስለተሰነጠቀ የግራ ዓይኑን ጨፍኗል።

«የአለቃሽ ሪፖርት ቀይ ነው» አለኝ።

«አዎ።»

«የአከራይሽም ቀይ ነው።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«የእኔ መነጽር ለምን ቀለም የለውም?»

ሳቅሁ። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ፤ 4 ማለት አራተኛ ማለት አይደለም፣ ገና ያልተመደበ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚሰጠው፣ አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። «እንግዲያውስ አልመደብሽውም» አለና ማኪያቶውን አነሣ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደመሆኑ የፋይል ቁጥር እንደሚያረጋግጥ ሰው ነው የተናገረው። «አልመደብሽውም።» ወዲያው ወሬ ቀየረ። አለቆቹ ደብዳቤ ሁሉ ላይ «አስቸኳይ» እያስመቱ እንዴት እንዳስቸገሩት፣ በኋላ «እጅግ አስቸኳይ» የሚል ማኅተም እንደተቀረጸ፣ ያ ከመጣ ወዲህ ተራውን «አስቸኳይ» ቀና ብሎ የሚያየው እንዳልነበረ ነገረኝ። እንደ ቀልድ ነው ያወራው። እኔ ግን የራሴን ቀዮች መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ የዝርዝሩን አደራደር ቀያየርኩት። መጀመሪያ በስም። በአማርኛ ሥራ የምትጽፉ ሰዎች ይህን አትሞክሩ። የመብራት ክፍያ፣ የውሃ ቆጣሪ፣ የአባዬ መነጽር፤ ሥራችን ሁሉ ለካ በ«የ» ነው የሚጀምረው፣ አንድ ላይ ተከመረ። ሐኪም ቤት አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ ጽፌው ኖሯል፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው፣ በመካከላቸው የ«ለ» ቤተሰብ በሙሉ ገብቶ ተቀምጧል። ለአከራይ መደወል፣ ለእህቴ ገንዘብ መላክ፣ ሌላም ሌላም። እኔ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ፊደል ማስተካከል ጀመርኩ። መነጽሩን ለመርሳት ይሆን? እንጃ።

«ያልተመደበ» ያልኩት እውነት መሆኑንም ፈተሽኩ። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የሚባል ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው እትሙ ቅድሚያ ከ0 እስከ 9 ነው፤ 1 ከሁሉ ይበልጣል፣ 9 ከሁሉ ያንሳል፣ 0 ደግሞ ያልተወሰነ ነው። እንግዲህ ያልተወሰነው የመጨረሻው አይደለም፣ ከሰልፉ ውጭ ነው ማለት ነው። እንዲያውም አንድ ፕሮግራም ሳያስተውል በቁጥር ብቻ ቢደረድር 0 ከ1 ቀድሞ አናት ላይ ይወጣል። ይህን ለአባቴ ደውዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ምን ብዬ?

ታስክዋሪየር የሚባል ሌላ የሥራ ዝርዝር ፕሮግራምም አለ፤ እሱ ነጥብ ደምሮ ነው የሚደረድረው። ነጥቦቹን ራሳችሁ ካልቀየራችኋቸው፣ ከፍተኛ ቅድሚያ 6 ነጥብ ነው፣ የጊዜ ገደብ እስከ 12 ያደርሳል። ዕድሜም ይቆጠራል፤ ደስ አለኝ፣ ቢያንስ የጠበቀ ሰው ዋጋ አለው ብዬ። ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሥራ የሚያገኘው ግን 2 ነጥብ ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ካላለቀ የማይጀመር ከሆነ ደግሞ 5 ይቀነስበታል። የአባቴን መነጽር አሰላሁት። መነጽሩን የሠሩለት ፒያሳ ነበር፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም ተነሣ፣ የት እንደገባ አላገኘሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሱቁን መፈለግ፣ ከዚያ መነጽሩ። ከዜሮ በታች ወረደ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ምንም ስሕተት የለበትም። እሱ ነው ያናደደኝ።

ሌላ መነጽር ቤት ሞልቷል፣ ትሉኛላችሁ። አዎ። እሱ ግን የድሮው ሰውዬ ዓይኔን ያውቀዋል ይላል። ወይም እንደዚያ ይላል ብዬ እኔ ነኝ የምገምተው፤ አሁን ስናገረው ጠይቄው እንደሆነ ተጠራጠርኩ።

ቀይ ላደርገው ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ግን ካየ በኋላ ቀይ ማድረግ ምን ይባላል? «እጅግ አስቸኳይ» የሚለውን ማኅተም ማስቀረጽ አይደለም? ቀን ብቻ ብሰጠውስ፣ ያለ ቀለም፣ ሐሙስ ብለው በቀን ሲደረደር ራሱ ይወጣል። ሐሙስ ከሰዓት ሜክሲኮ አካባቢ ይዤው ብሄድ… ሐሙስ ግን ስብሰባ አለኝ። እሱም ቀይ ነው።