ሌላ አገር የሚያምነው ፊርማ፦ የማኅበሩ ሊቀመንበር በዓመታዊው ጉባኤ ያሰሙት የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የበረራ ደህንነት ኢንስፔክተሮች፣ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች፣ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮው ርዕሳችን የአንድ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዓለም አቀፍ የበረራ ደህንነት ምን ያበረክታል የሚል ነው። ርዕሱ ሲሰማ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (የኢካኦን) የሞንትሪያል ስብሰባዎች፣ ልዑካንንና የስምምነት ፊርማዎችን ያስታውሳል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለውን ሥራ ነው፤ አንድ ኢንስፔክተር ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላን በሚቆምበት ሜዳ፣ ቆሞ የሚጽፈውን ግኝት፣ ማለትም በፍተሻ ያገኘውን ጉድለትና ግኝቱ የሚዘጋበትን መንገድ። የአገር ስም በውጭ የሚከበረውም የሚወድቀውም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን መሠረት የሆነው የቺካጎ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 ነው፤ አገራችንም በዚያ ጉባኤ ከተገኙት አንዷ ነበረች። የስምምነቱ አንቀጽ 33 አንድ አገር የሰጠውን የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀትና የአብራሪ ፈቃድ ሌሎቹ አባል አገሮች እንዲቀበሉ ያዛል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ወረቀቱ የተሰጠበት መስፈርት በስምምነቱ መሠረት ከተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ማነስ የለበትም። ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን ያረፈን አብራሪ እዚያ ያለው ባለሥልጣን እንደገና አይፈትነውም። ፈቃዱን አይቶ ያልፈዋል። ያመነው አብራሪውን ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ፈቃዱ ላይ የፈረመውን ሰው ጭምር ነው።

ይህ እምነት ያለ ማጣሪያ ብዙ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ የመጣው የአቪያንካ በረራ 52 ኒው ዮርክ አቅራቢያ ኮቭ ኔክ በምትባል ቦታ ወደቀ። ቦይንግ 707 ነበር። በመጥፎ አየር ምክንያት በተለያየ ቦታ በድምሩ 77 ደቂቃ ያህል አየር ላይ እንዲዞር ተደርጎ ነዳጁ አለቀ። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ሠራተኞቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረው ነበር፤ ቅድሚያም ጠይቀዋል። «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ቃል ግን አላወጡትም። ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም።

ከዚያ አደጋ በኋላ አሜሪካኖች አንድ ጥያቄ አነሡ። ወደ እኛ የሚበር አየር መንገድ የአገሩ መንግሥት በእርግጥ ይቆጣጠረዋል ወይ? የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው የግምገማ ፕሮግራም ከዚህ የመጣ ነው። ብዙ መንገደኛ፣ አንዳንዴም ጋዜጠኛ፣ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ይህ ግምገማ አየር መንገዱን አይመዝንም፤ የሚመዝነው ባለሥልጣኑን ነው። መለኪያውም የቺካጎ ስምምነት አባሪ 1፣ አባሪ 6 እና አባሪ 8 ናቸው፤ የሠራተኛ ፈቃድ፣ የአውሮፕላን ሥምሪትና የበረራ ብቁነት። ውጤቱ ምድብ 1 ወይም ምድብ 2 ይሆናል። ምድብ 2 የወረደ አገር አየር መንገድ ወደ አሜሪካ የነበረውን በረራ በተጠናከረ ቁጥጥር ሥር ሊቀጥል ይችላል፤ አዲስ መስመር መክፈት ግን አይችልም፤ የአሜሪካ አየር መንገዶችም በእሱ በረራ ላይ የራሳቸውን የበረራ ኮድ አስቀምጠው ትኬት አይሸጡም። ህንድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ወርዳ በኤፕሪል 2015 ተመልሳለች። ሜክሲኮ በሜይ 2021 ወርዳ እስክትመለስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። በእነዚህ ወራት ኪሳራውን የተሸከሙት አየር መንገዶቹ ናቸው፤ ጉድለቱ የተገኘው ግን ባለሥልጣኑ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ኢካኦ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሁሉንም አባል አገሮች ኦዲት ያደርጋል። የሚያየው ስምንት ወሳኝ አካላትን ነው። አዋጅ፣ ዝርዝር ደንብ፣ የመሥሪያ ቤቱ አደረጃጀት፣ ብቁ የቴክኒክ ባለሙያ፣ የአሠራር መመሪያና መሣሪያ፤ እነዚህ አምስቱ መዋቅሩን የሚገነቡ ናቸው። ፈቃድና ምስክር ወረቀት መስጠት፣ የማያቋርጥ ክትትል፣ የተገኘን የደህንነት ችግር መፍታት፤ እነዚህ ሦስቱ መዋቅሩ መሥራቱን የሚያሳዩ ናቸው። አዋጅና ደንብ ጥሩ አማካሪ ካለ በአንድ ዓመት ሊጻፍ ይችላል። በዓለም ዙሪያ ለዓመታት ዝቅተኛ ውጤት ከሚታይባቸው አንዱ አራተኛው ነው፤ ብቁ የቴክኒክ ባለሙያ። ባለሙያው ሲጎድል ሰባተኛውና ስምንተኛው አብረው ይወድቃሉ።

የታይላንድን ነገር በደንብ ማየት ይጠቅመናል። ኢካኦ እ.ኤ.አ. በጁን 2015 የከባድ ደህንነት ስጋት ምልክት የሆነውን ቀይ ባንዲራ የሰቀለባት ለአየር መንገዶች የሥራ ምስክር ወረቀት የምትሰጥበት ሂደት የጎደለው ስለነበር ነው። አየር መንገዱ በዝቶ ኢንስፔክተሩ አንሶ ነበር። መፍትሔውን ከመሠረቱ ጀመሩት። የድሮውን መምሪያ አፍርሰው አዲስ ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ በብሪታንያ ባለሙያዎች እየታገዙም ሲበሩ የነበሩትን ዓለም አቀፍ አየር መንገዶች እንደ አዲስ አመልካች በአምስቱ ደረጃዎች መልሰው አሳለፏቸው። ቅድመ ማመልከቻ፣ መደበኛ ማመልከቻ፣ የሰነድ ግምገማ፣ የተግባር ማሳያና ፍተሻ፣ በመጨረሻም ምስክር ወረቀት መስጠት። ባንዲራው የወረደው በኦክቶበር 2017 ነው።

አምስቱ ደረጃዎች የሚበላሹት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። አመልካቹ አውሮፕላኑን ተከራይቷል፤ ኪራዩ በየወሩ ይቆጥራል። ስለዚህ ማኑዋሉ ሳያልቅ የማሳያ በረራ ቀን ይጠየቃል። ማኑዋሉ ሲገለጥ ከሌላ አየር መንገድ የተቀዳ ሆኖ፣ በዚህ ድርጅት የሌለ የሥራ መደብ እዚህም እዚያም ተጠቅሶ ይገኛል። ያን ገጽ አይቶ «ይመለስ» ብሎ የሚጽፍ ኢንስፔክተር አገሩን ከቀይ ባንዲራ እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ራምፑ ልውረድ። አንድ ኢንስፔክተር የአውሮፕላኑን ቴክኒካል ሎግ ቡክ ይከፍታል። በወሩ 3ኛ ቀን የተመዘገበና በኤም ኢ ኤል፣ ማለትም ሳይጠገኑ ለተወሰነ ጊዜ መብረር የሚቻልባቸው ዕቃዎች ዝርዝር፣ መሠረት ለጊዜው የተላለፈ ብልሽት ያገኛል፤ ምድቡ «ሲ» ነው። ምድብ «ሲ» አሥር ቀን ይሰጣል፤ ቆጠራው ብልሽቱ የተመዘገበበትን ቀን አይጨምርም። ስለዚህ ጊዜው የሚያበቃው በ13ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ነው። ማራዘሚያ የተፈቀደበት ማስረጃ የለም። አውሮፕላኑ ግን በ14ኛው ቀን በርሯል። ኢንስፔክተሩ ግኝቱን ጻፈ። በሳምንቱ ከኦፕሬተሩ፣ ከአየር መንገዱ፣ ደብዳቤ መጣ፤ ዕቃው ተቀይሯል፣ ለሚመለከተው ቴክኒሻን ማሳሰቢያ ተሰጥቷል ይላል። ግኝቱ ተዘጋ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዕቃው መቀየሩ አንዱን አውሮፕላን አስተካከለ እንጂ ምክንያቱን አልነካም። የቀኑን ቆጠራ የሚከታተለው ማን ነው? በኮምፒውተር ነው ወይስ በግድግዳ ሰሌዳ ላይ? በሰባተኛው ቀን የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ? ዕቃው የታዘዘው ብልሽቱ በተመዘገበ ዕለት ነው ወይስ በዘጠነኛው ቀን? የበረራ ቁጥጥሩ ክፍል ይህን አውሮፕላን ለበረራ ሲመድብ ዝርዝሩን አይቷል? እነዚህ ሳይመለሱ የተዘጋ ግኝት በሌላ አውሮፕላን ላይ ተመልሶ ይመጣል። በአግባቡ የሚዘጋ ግኝት የሥር ምክንያቱን በጽሑፍ ይይዛል፤ የተሻሻለውን የአሠራር ገጽ ከነማሻሻያ ቁጥሩ፣ በሥልጠናው የተገኙትን ፊርማ፣ ከሌሎች አውሮፕላኖች የተወሰደ የሦስት ወር የተላለፉ ብልሽቶች ዝርዝርንም ያያይዛል። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ራሱ ተመልሶ ሄዶ ያያል። ያው ግኝት በስድስት ወር ውስጥ ቢደገም ጉዳዩ ከደብዳቤ ወደ ሕግ ማስከበር መሸጋገር አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ይህን ነው።

የውጭ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። የዓመቱን የክትትል ዕቅድ አምጡ፤ ከታቀደው ስንት ፍተሻ ተሠራ? ከፋይሎቹ አንዱን ራሱ ይመርጣል። ግኝቱ መቼ ተጻፈ፣ ኦፕሬተሩ መቼ መለሰ፣ ማን ዘጋው፣ በምን ማስረጃ? በብዙ አገሮች ፋይሉ «ኦፕሬተሩ መልስ ሰጥቷል» ከሚለው ገጽ አያልፍም። ቀጥሎ የኢንስፔክተሩን የሥልጠና መዝገብ ይጠይቃል፤ የመግቢያ ኮርስ፣ በሥራ ላይ የተሰጠ ልምምድ፣ የማደሻ ሥልጠና። እዚህም የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ላይ ልምምዱ ነው፤ ሰውየው ሥራውን ያውቀዋል፣ ማን አሳይቶት ማን እንደፈረመለት ግን አልተመዘገበም።

ስለ ደመወዝም ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በብዙ አገሮች ኢንስፔክተሩ የሚፈትሸው አብራሪ ከእሱ ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። የሠለጠነው ሰው ይሄዳል፣ ልምምዱ ከዜሮ ይጀምራል፤ አራተኛው ወሳኝ አካል በየሦስት ዓመቱ የሚፈርሰው እንዲህ ነው። ይህን ማስተካከል የበጀት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የደህንነት ጉዳይ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችን የማንረሳው ዕለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን አንግል ከሚለኩት ሁለት የአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰሮች የአንዱን መረጃ ብቻ ይዞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር። ከመጀመሪያው አደጋ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 7፣ የአሜሪካው ባለሥልጣን አስቸኳይ የበረራ ብቁነት መመሪያ አወጣ። መመሪያው ለአብራሪዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይናገራል፤ ኤምካስን በስሙ አይጠራውም።

ከዚህ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ትምህርት አለ። በአባሪ 8 መሠረት አውሮፕላኑን የነደፈው አገር አስገዳጅ የበረራ ብቁነት መረጃን አውሮፕላኑን ለመዘገቡ አገሮች ያስተላልፋል። መዝጋቢው አገር ደግሞ አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ ለነዳፊው አገር ማሳወቅ አለበት። አንድ ገጽ ደብዳቤ ናት። ካልተጻፈች መረጃው የሚመጣበት አድራሻ የለም። መረጃው ከመጣ በኋላ ግን እንዳለ ማጽደቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ የሚመረምረው፣ የሚጠይቀውም ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ለምን ይንቀሳቀሳል? በአንድ ሴንሰር ነው ወይስ በሁለት? አብራሪው ስለ እሱ የት ያነባል? እንዲሁም ከ5,700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ አውሮፕላኖች ላይ የሚታዩ ብልሽቶች ለነዳፊው ድርጅት እንዲደርሱ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። የእኛ ሪፖርት ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ የእነሱም ለእኛ።

ከቢሾፍቱው አደጋ ማግስት ቻይና፣ እ.ኤ.አ. በማርች 12 ቀን 2019 አውሮፓውያን ማክስን ከአየር አወረዱት፤ አሜሪካ የተከተለችው በማርች 13 ነው። ነዳፊው አገር እስኪወስን መጠበቅ የተለመደበት ዘመን በእነዚያ ቀናት ተሰብሯል። በኋላም ዘጠኝ የሌሎች አገሮችና ክልሎች ባለሥልጣናት ከአሜሪካኖቹ ጋር ተቀምጠው የማረጋገጫ ሂደቱን መርምረዋል። አውሮፓም አውሮፕላኑን መልሳ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021፣ የራሷን ግምገማ ጨርሳና የራሷን ሁኔታዎች አስቀምጣ ነው። መጠየቅ ወዳጅነትን አያፈርስም። መተማመኑን ያጠነክረዋል።

በኪራይ ስለሚመጡ አውሮፕላኖችም አንድ ነገር ልበል። አውሮፕላኑ አየርላንድ ተመዝግቦ አዲስ አበባ ሲሠራ፣ ማን እንደሚከታተለው በቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 83 ቢስ መሠረት በሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ ካልተለየ ሁለቱም አገር ሌላው ያየዋል ብሎ ይተኛል። ስምምነቱ አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት መፈረም አለበት፤ ቅጂውም አውሮፕላኑ ላይ ይኑር።

አፍሪካን በተመለከተ መሠረቱ የተጣለው እዚሁ ከተማ ነው። የአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ነጠላው የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያም በጃንዋሪ 2018 እዚሁ ይፋ ሆነ። ሰማይን ለጎረቤት መክፈት የጎረቤትን ኢንስፔክተር ማመን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ አገር የየአውሮፕላኑን ዓይነት የሚያውቅ ኢንስፔክተር ማሟላት አይቻልም። ለዚህ ነው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ኢንቴቤ ላይ፣ በምዕራብ አፍሪካ ያሉት የባንጁል ስምምነት አገሮች አቡጃ ላይ የጋራ የደህንነት ቁጥጥር ተቋም ያቋቋሙት። ኮሚሽኑም ኢንስፔክተሮችን በአገሮች መካከል የሚያዋውስበት ፕሮግራም አለው። ከአባሎቻችን ልምድ ያላችሁ እዚያ መዝገብ ውስጥ ስማችሁ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ በየጠረጴዛው የድርጅትና የሰው ስም የተሰረዘባቸው አሥር የተዘጉ ግኝቶች ይቀርቡላችኋል። እያንዳንዱ ቡድን የትኞቹ በእርግጥ እንደተዘጉ፣ የትኞቹ እንደገና መከፈት እንዳለባቸው ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚጎድለውን ማስረጃ በጽሑፍ ያቀርባል። ነገ ጠዋት ውጤቱን በጋራ አይተን ለአባላት የሚሰራጭ የግኝት መዝጊያ ቅጽ እናጸድቃለን።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።