በረዶ የሌለው ተራራ ውሃውን የት ያስቀምጣል?

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2025ን የግግር በረዶ፣ ማለትም በተራራ አናት ለዘመናት ተጠራቅሞ የጠጠረ በረዶ፣ ጥበቃ ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» ያላችሁ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ጎንደር በረዶ የምታውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሸን እንኳ አመዳይ ቢለብስ አያቆየውም። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግን እነዚሁ የሰሜን ተራሮች ግግር በረዶ ተሸክመው ነበር፤ በረዶው እየገፋ የቆለለው ድንጋይ ዛሬም እዚያው አለ።

በምድር ላይ ካለው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው በረዶ ነው። አብዛኛው አንታርክቲካና ግሪንላንድ ስለሚገኝ የሚቀዳው የለም። ሰው የሚጠቀመው በየተራራው አናት ያለውን ጥቂቱን ነው። ተራራው በብርድ ወራት የወረደለትን እንደ ጎተራ ያስቀምጥና ዝናብ በሌለበት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። በኢንደስ ወንዝ መስኖ የሚያለማው የፓኪስታን ገበሬ ኑሮው በዚህ ላይ ነው።

ሙቀት ሲጨምር ምን ይሆናል? በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ወንዙ አይጎድልም፤ እንዲያውም ይሞላል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ውሃ ይትረፈረፋል፣ መስኖ ይስፋፋል፣ ከተማ ይሰፋል። ከዚያ በረዶው እያነሰ ሲሄድ ወንዙም አብሮ መውረድ ይጀምራል፤ ውሃውን የለመደው ሕዝብ ግን በዝቶ ይጠብቀዋል። በረዶ ሆኖ ይወርድ የነበረው ዝናብ ሆኖ ሲወርድ ደግሞ አይጠራቀምም፤ በአንድ ጊዜ ጎርፎ ያልፋል። የዓመቱ ውሃ መጠን ብዙም ላይለወጥ ይችላል፤ በሚፈለግበት ወር ግን የለም። ቦሊቪያ ውስጥ የቻካልታያ ግግር በረዶ እ.ኤ.አ. በ2009 ጨርሶ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በረዷቸው በሳሳ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው የዚያችው አገር ከተማ ላ ፓዝ ድርቅ ሲጨመርበት ውሃ በፈረቃ ሆነ፤ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

ፈረቃ ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አላስረዳም። ሮቶ ያለው ሌሊት ተነስቶ ይሞላል፤ የሌለው ጀሪካኑን ይደረድራል።

ወደ ሠፈራችን ስንቀርብ የታንዛኒያው ተራራ ኪሊማንጃሮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ የበረዶ ስፋቱን አጥቷል፤ ምክንያቱ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአየሩ መድረቅም ጭምር ነው። ዓለም ፎቶግራፉን እያየ ያዝናል። ነገር ግን ከተራራው የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ከበረዶው ሳይሆን ከወገቡ ካለው ደን የሚመነጭ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም ከበረዶው ይልቅ ይህ ደን ነው፤ ምክንያቱም የእኛም ተራራ አሠራር እንዲሁ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጉም ሲያልፍ በአስታው ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ጤዛውን ይይዛል፤ ያንጠባጥባል፤ ጥቁሩ አፈርም ይመጠዋል። ያ ውሃ ቀስ እያለ በምንጭ ወጥቶ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. አስታውና ጓሳው ሲነድ የተቃጠለው የዋልያና የጭላዳ መኖሪያ ብቻ አልነበረም።

የከተማችን ውሃ ከሰሜን ተራሮች እንደማይመጣ አውቃለሁ። ምንጩ ዙሪያችን ያለው ኮረብታ ነው። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ወንዝም፣ የአንገረብና የመገጭ ወንዞችም ከዚያው ይነሳሉ። አንገረብ ግድብ ላይ ቆማችሁ ውሃው የሚገባበትን ዳር ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል፤ ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ደለል ሆኖ የውሃውን ቦታ ይዞታል። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ከባድ ዝናብ ይበልጥ እየከበደ ነው፤ የሚታጠበው አፈርም እንዲሁ። ኮረብታው ውሃ ማስቀመጥ አቃተው፤ የታጠበው አፈሩ ደግሞ ግድቡንም ከለከለው።

እርከን ሠርተናል፤ ችግኝም በየሐምሌው እንተክላለን። ፎቶግራፍ እንነሳለን፣ ቁጥሩም ሪፖርት ይደረጋል። ጥር ላይ ሄዶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ላላችሁ የቀበሌና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ሪፖርት የሚደረገው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሁን። ቆጠራው በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ ከአንገረብ በላይ ካለው ተዳፋት ይጀመር። ተማሪዎች ይቁጠሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።