እልህ ሲይዛችሁ መጀመሪያ የሚሸነፈው ዓይናችሁ ነው

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ከሰዓት በኋላ። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ጌም ቤት።)

ስክሪኑን ለጊዜው ተዉትና የዚህን ልጅ ግራ እጅ እዩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ደግሞ አንድ። ገና ውጊያ ሳይጀመር ጣቶቹ የኪቦርዱ ቁጥሮች ላይ ይመላለሳሉ። የሚጫወተው ስታርክራፍት 2 ነው፤ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ፣ ሀብት ሰብስበህ፣ ሠራዊት አቋቁመህ የባላጋራህን ሰፈር የምታፈርስበት ጌም። ከኋላው የቆሙት ጓደኞቹ «እጁ ሲፈጥን!» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ግን ጣት የሚፈጥነው ቀድሞ የሚያውቅ ጭንቅላት ሲኖር ነው።

ካናዳ የሚገኘው የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ጌም ላይ ጥናት ሠርተዋል። ጌሙ እያንዳንዷን ጠቅታ ስለሚመዘግብ፣ ከጀማሪ እስከ ፕሮፌሽናል የ3,360 ተጫዋቾችን ጨዋታ ሰብስበው መረመሩ። ከለኳቸው ነገሮች አንዱ በጣም ደስ ይለኛል። ተጫዋቹ ማፑ ላይ ወደ አዲስ ቦታ ከዞረ በኋላ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እስኪሰጥ ምን ያህል ይቆያል? ጎበዞቹ ጋ ይህቺ ክፍተት አጭር ናት። ለምን እንደዞሩ ያውቁታላ!

ነገሩ በቼዝም ታይቷል። ዊልያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1973 ባወጡት ጥናት፣ የቼዝ ባለሙያ ሰሌዳውን ለ5 ሰከንድ ብቻ አይቶ ከጀማሪ በጣም የተሻለ ያስታውሳል። ጠጠሮቹ ዝም ብለው ከተበተኑ ግን ብልጫው ይጠፋል። ማለትም ባለሙያው የሚያየው የሚያውቀውን ቅርጽ ነው። ገበጣ የለመዱ አባት ሲጫወቱ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል፤ አየት፣ ዘገን፣ አለቀ።

ዕድሜስ? የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲዎቹ ተመራማሪዎች በ2014 ከ16 እስከ 44 ዓመት ያሉ 3,305 ተጫዋቾችን አይተው፣ ከመዞር እስከ ትእዛዝ ያለችው ያቺ ክፍተት ከ24 ዓመት ጀምሮ መርዘም እንደምትጀምር ጻፉ። ሠላሳ የሞላችሁ አትደንግጡ። ተለቅ ያሉት ጨዋታውን በሚያቀሉ ዘዴዎች የሚያካክሱት ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እልህ። ቁማርተኞች ቲልት ይሉታል፣ እኛ ግን ከእነሱ የተሻለ ቃል አለን። ባለፈው ክረምት እዚህችው ወንበር ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትዬ ተሸነፍኩ። ጆሮዬ ጋለ። አራተኛውን ወዲያው ጀመርኩ፣ ሠራዊቴን ሁሉ ይዤ ፊት ለፊት ገባሁ፣ አሁንም ተሸነፍኩ። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ወንድሜ፣ ተነስና ቡና ጠጥተህ ና» አለኝ። ደበረኝ፣ ግን ተነሳሁ።

ተመልሼ ሪፕሌዩን፣ ማለትም የተቀዳውን ጨዋታ፣ ስከፍት ማፑ ጥግ ላይ ቀይ ነጠብጣቦች አየሁ። ጠላቴ ሰፈሬን ከኋላ እየገባበት ነበር። ነጠብጣቦቹ ብዙ ሰከንድ ሙሉ እዚያው ነበሩ፣ እኔ ግን ጭራሽ አላየኋቸውም። ንዴትና ጭንቀት ሲበረታ ትኩረት ይጠብባል፤ ፊት ለፊት ያለው ይጎላል፣ ዳር ያለው ይጠፋል። ደግሞ እልህ የያዘው ሰው የሚጫወተው ያለፈውን ሽንፈት ለመበቀል ነው፣ አሁን ያለው ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ጣቴማ ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ፈጥኖ ነበር!

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተከታትላችሁ ከተሸነፋችሁ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። ውሃ ጠጡ፣ ወጣ በሉ። ከዚያ ሪፕሌዩን ከፍታችሁ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፤ የትኛውን ጥግ ነው ያላየሁት?

(ምስል፦ ልጁ ተሸንፏል። ጓደኞቹ «ድገም! ድገም!» ይሉታል።)

እዩት። እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ሪፕሌዩን ከፈተ፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ አቆመው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «ቆይ፣ ይቺን ልያት» አለ።