ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ

በትምህርት ቤታችን በ2018 የትምህርት ዘመን መክፈቻ፣ በወላጆች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የእምነት አባቶች፣ የእድር ዳኞች፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ጣና ሐይቅ እስከ አፉ ሞልቶ፣ መንገዱም ገና ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ከፊላችሁ በታንኳ፣ ከፊላችሁ በእግር ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በሰላም እጦት ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ፣ የእኛም ደወል ሳይደወል የዋለባቸው ቀናት ምን ያህል እንደነበሩ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ አብረን ያሳለፍነው ነው። ልጆቻችሁን ዳግመኛ አስመዝግባችሁ ዛሬ በዚህ ዋርካ ሥር መቀመጣችሁን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

የክረምቱን ሥራ በአጭሩ ልናገር። የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ በእናንተ ጉልበት እንደገና ተመርጓል፤ የሚያፈስሰው ቆርቆሮም ተቀይሯል። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በር ተገጥሞለታል፤ ከውስጥ ይቆለፋል። ጣውላ ላመጡት፣ ሚስማር ለገዙት፣ ጭቃ ላቦኩት እናቶችና አባቶች ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ዝርዝር ሒሳቡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏልና ከስብሰባው በኋላ እንድትመለከቱት አደራ እላለሁ።

ዛሬ ረዘም አድርጌ ልናገርበት የመጣሁት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዕቃ ቤታችን ውስጥ ስላሉት መጻሕፍት ነው። ከእናንተ መካከል እነዚያን ካርቶኖች ከመኪና ላይ በትከሻው ያወረደ ሰው አለ። መጻሕፍቱ የት እንደደረሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ተነሥቼ አልተናገርኩም። አሁን ልናገር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከዚህ ራቅ ባለ ወረዳ በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አይሱዙ መኪና መጥታ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። የጫነችው መጽሐፍ ነበር። የመማሪያ ብቻ አይደለም፤ ተረት ያለበት፣ የእንስሳት ሥዕል ያለበት፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ። ከክፍል ወጥተን እንድንሸከም ተደረግን። ካርቶኑን ስሸከም አንዱ ጎኑ ተቀዶ ስለነበር አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት፤ አዲስ ወረቀትና ቀለም እንዲህ እንደሚሸት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እያንዳንዱን ቆጥረው፣ በሞዴል 19 የንብረት መረከቢያ ቅጽ ተረክበው፣ ዕቃ ቤቱን ቆለፉ። እኛም ነገ ይሰጠናል ብለን ወደ ቤታችን ሄድን።

ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም ዓመት። በዕረፍት ሰዓት በበሩ ስንጥቅ ተራ በተራ እያጮለቅን ካርቶኖቹን እንቆጥር ነበር። አንድ ቀን አንዱ መምህራችን ለክፍሉ አምስት መጽሐፍ እንዲወጣላቸው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሠራተኛውም በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ባለፈው ዓመት በጠፋ አካፋ ደመወዜ ተቆርጧል፤ ልጆች አሉኝ» ብለው መለሱላቸው። እኒያ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ዛሬ እሳቸውን ለመውቀስ አልቆምኩም። የፈሩት እውነተኛ ነገር ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ልንፈተን ጥቂት ወራት ሲቀሩን በላዩ ዝናብ ስለገባ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። ካርቶኖቹ በተደረደሩበት ተደርድረዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ምንም አልሆኑም። አንዱን ሳነሣው ግን ክብደት አልነበረውም። ምስጥ ከወለሉ ተነሥቶ፣ በካርቶኑ ሥር ገብቶ፣ ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ሽፋኑ ቀርቷል፤ ሲገለጥ ግን አፈር ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወስደን እንድናቃጥለው ታዘዝን፤ ቃለ ጉባኤም ተጻፈ። ከዚያ ክምር ውስጥ እኔ አንድ ቅጠል ደብቄ ወሰድኩ። የአንዲት ቀበሮና የአንድ ዝንጀሮ ተረት መጀመሪያው ነበረበት፤ ቀበሮዋ ወንዝ ዳር ደርሳ ወዴት እንደምትሻገር ስታስብ ገጹ ያልቃል። ያችን ቅጠል በደብተሬ ውስጥ ይዤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ቀበሮዋ ትሻገር አትሻገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ይህን ያህል ያረዘምኩት፣ መምህርት ሆኜ፣ ከዚያም ርእሰ መምህርት ሆኜ ወደ እናንተ ስመጣ ያንኑ የመሰለ ዕቃ ቤት እዚህም ስላገኘሁ ነው። ከዚያም የባሰውን ልናገር፤ እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆልፌ ኖሬያለሁ። በፊርማዬ የተረከብኩት ንብረት ነውና እንዳይጎድልብኝ ፈራሁ። ለጉብኝት የመጡ አንድ ሱፐርቫይዘርም በአስተያየት መዝገቡ ላይ «መጻሕፍቱ በጥንቃቄ መያዛቸው የሚያስመሰግን ነው» ብለው ጻፉልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ደስታዬ የጠፋው ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳስነብብ ነው። ፊደላችን 33 ሆኖ በሰባት በሰባት ሲዘረዘር 231 ይሆናል። ልጆቻችን ገበታው ፊት ቆመው በኅብረት ሲሉት ግቢው ይናወጣል፤ ወላጅም በአጥር ጥግ ሲያልፍ ሰምቶ «ልጄ ፊደል ቆጠረ» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ግራና ቀኙን በጣቴ ሸፍኜ አንዷን ፊደል ብቻ፣ «ቶ»ን፣ ለአንድ ልጅ አሳየሁት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሹክሹክታ ከ«ሀ» ተነሣ፤ «ለ»ን፣ «ሐ»ን፣ «መ»ን እያለ ወረደ፤ «ተ» ላይ ሲደርስ በጣቶቹ እየቆጠረ «ቶ» አለኝ። ልጁ የሚያውቀው ዜማውን ነው። ቀጥዬ ያየኋቸውም አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። በአንድ ገበታ ላይ ስድሳ ልጅ እየጮኸ ይህ ቢሆን ምን ይገርማል? ፊደልን ከዜማው የሚያላቅቀው መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ብቻውን ተቀምጦ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ተሳስቶ እየተመለሰ የሚያነበው መጽሐፍ።

የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። በማግሥቱ ዓመትም 3.2 በመቶ ነበር። ሁሉም ጣቱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቀሰረ። እኔ ግን ያን ሌሊት ያሰብኩት ያን ከ«ሀ» ተነሥቶ «ቶ»ን የሚፈልግ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚወድቀው ተማሪ መውደቅ የጀመረው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እዚህ፣ ከእኛ እጅ ላይ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ አንዲት ተማሪ፣ አባቷ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ፣ ዕቃ ቤቱን ለጽዳት ከፍቼ ሳለ በሩ ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ ይህ መጽሐፍ ወደ ቤት ሄዶ ይመጣል?» አለችኝ። አንዱን ሰጠኋት። ለሦስት ቀን ያልኳት ሦስት ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ጠርዙ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ በመካከሉ ገጽ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት ተለጥፎ ደርቋል፤ ሽታውም የዓሣ ነው። ልቆጣት ተነሥቼ ነበር። ከእርሷ ጋር የመጡት አያቷ ግን ቀደሙኝ፤ ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ነገሩኝ። ልጅቱ ማታ ማታ ምድጃ ዳር እያነበበችላቸው ነበር። ታናሽ ወንድሟም ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ስሙን በከሰል ግድግዳ ላይ ይጽፋል አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ እውነት ነው። ያ መጽሐፍ ዛሬም ያብጣል፣ ዛሬም ይሸታል። በዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ሥራውን የሠራው መጽሐፍ እርሱ ብቻ ነበር።

አባቶቼ፣ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ «እኛኮ የጣና ሰዎች ነን፤ አባቶቻችን ጦርነት ሲመጣ መጻሕፍትን በደሴት ደብቀው፣ በዕቃ ቤት ቆልፈው ነው ለዛሬ ያቆዩት» ብላችሁኛል። እውነት ነው፤ የግራኝ ጦርነት ጊዜ የሌላው ሀገር ሲቃጠል በእነዚህ ደሴቶች የተረፈው ብዙ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን መጽሐፍን ያቆዩት በመቆለፍ ብቻ ነው? ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ሲያረጅ ሌላ ገልብጠው ነው። ዳዊቱን በየዕለቱ እየደገሙ፣ ጠርዙ በእጃቸው ወዝ እስኪጠቁር ድረስ ይዘውት ነው። የየኔታ ተማሪም የሚያነበውን በእጁ ሳይዝ ንባብ አይማርም። እስቲ ማኅደሩን አስቡት። መጽሐፉ የሚቀመጥበት ያ የቆዳ ከረጢት ማንገቻ አለው። አባቶቻችን ማንገቻ ያበጁለት መጽሐፉ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ መንገድ እንዲሄድ ነው፤ ለማይንቀሳቀስ ነገር ማንገቻ ማን ይሰፋል?

«ቢጠፋስ?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ይጠፋል። አንዳንዱ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዱን ፍየል ትበላዋለች፤ አንዳንዱን ሕፃን ይቀደዋል። ግን እስቲ ፍረዱ። በልጅ እጅ አንድ መጽሐፍ ሲጠፋ ደመወዝ ይቆረጣል፤ በምስጥ አፍ ሦስት ካርቶን ሲያልቅ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሁሉም በሰላም ይለያያል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ ከልጆቻችን ይልቅ ምስጥን አምኗል! እኔ ልጆቻችሁን አምናለሁ። ልጅ መጽሐፍ ይሰርቃል ብሎ በሩን የቆለፈ ሰው፣ ከልጁ ንባብን ራሱ እየወሰደበት መሆኑን ማን ይንገረው? ካስፈለገ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጥ። በተቆለፈ በር ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ እያየሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አላድርም።

ስለዚህ ኅብረቱ በነሐሴ ባደረገው ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ የወሰነውን ላሳውቃችሁ። የድጋፍ ድምፅ ያልሰጣችሁት አባላትም ሥጋታችሁን በግልጽ ስለተናገራችሁ አመሰግናችኋለሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ዓርብ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይወጣል፤ ሰኞ ይመልሳል። ለጠፋና ለተበላሸ መጽሐፍ ልጅም ወላጅም መምህርም አይቀጣም፤ የሆነው ነገር በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ በቃ። ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለልጃችሁ ማኅደር ስፉለት። ቆዳ አላልኩም። የማዳበሪያ ጆንያ፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው፣ ተቆርጦ ማንገቻ ቢደረግለት ከታንኳ ላይ የሚረጭ ውኃ አይገባውም። መስፋት ለሚከብደው ቤት መርፌና ክር ይዘው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ማታም እራት እስኪደርስ ልጁን «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ፊደል ያልቆጠራችሁም በሉት፤ ልጁ የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው።

የቀሩትን ጉዳዮች ላሳልፍ። በዚህ ዓመት የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ክልላዊ ፈተና ይወስዳሉ፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጆቻችሁን ለከብት ጥበቃና ለገበያ አታስቀሩብን። የወላጆች ቀን በሰኔ ይከበራል። የተከልናቸው ችግኞች አጥር ይፈልጋሉ፤ እሾህ ያለው ያምጣ። በታንኳ የሚመጡ ልጆች ሐይቁ ሲናወጥ እንዳይሻገሩ፤ በዚያ ምክንያት የቀረ ተማሪ ቀሪ አይባልም፤ መምህራኑም ይህን ያውቃሉ።

ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸው። ከአሁን በኋላ በእኔ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ ከስምንተኛ ክፍል የተመረጡ ሁለት ተማሪዎች ይይዙታል። ይህ ስብሰባ እንዳበቃ ይከፍቱታል። መዝገቡ ዋርካው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መጻፍ የማትችሉ በአውራ ጣታችሁ ትፈርማላችሁ። ዛሬ ዓርብ ባይሆንም የመጀመሪያው ቀን ነውና ሁሉም ልጅ አንድ አንድ ይወስዳል። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ባዶ እጁን የሚወጣ ልጅ ካለ ይዤው እመለሳለሁ።

አመሰግናለሁ።